ኤዱሮም እምቢ ሲል፦ የዩኒቨርሲቲ ዋይፋይ ስልካችሁ ላይ የማይሠራበትን ምክንያት ደረጃ በደረጃ ማግኘት

ለትምህርት ወደ አውሮፓ ወይም ወደ አሜሪካ የሄደ ሰው ግቢ እንደገባ ስልኩ ላይ ኤዱሮም የሚል ዋይፋይ ያያል። ሲነካው ግን እንደ ቤት ዋይፋይ ፓስወርድ ብቻ ጠይቆ አያስገባውም። በተለይ አንድሮይድ ላይ ረጅም ፎርም ይመጣል፦ የኢኤፒ ዘዴ፣ ፌዝ 2፣ ሲኤ ሰርተፍኬት፣ ዶሜይን፣ አይደንቲቲ፣ አኖኒመስ አይደንቲቲ፣ ፓስወርድ። አብዛኛው ሰው እዚህ ጋ ግምት ይጀምራል። አንዱን ይቀይርና ይሞክራል፣ አልሆነም፣ ሌላውን ይቀይራል። በመጨረሻ አንድ ጓደኛው «ሰርተፍኬቱን አታረጋግጥ የሚለውን ምረጥ፣ ይገባልሃል» ይለዋል።

እውነት ነው፣ ይገባል። ግን ያ ምርጫ ፓስወርዱን ለማንም አሳልፎ የሚሰጥ ነው። ስለዚህ ግምቱንም ያንን አቋራጭም ትተን ችግሩ ያለበትን ቦታ እንፈልግ። ምሳሌዬ ኤዱሮም ነው፤ መሥሪያ ቤታችሁ በየሠራተኛው ዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚያስገባ ዋይፋይ ካለውም አሠራሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ አብዛኛው ይሠራላችኋል።

መጀመሪያ ከበስተጀርባ የሚሆነውን እንወቅ

የኤዱሮም ሐሳብ የተነሳው እ.ኤ.አ. በ2002 ኔዘርላንድስ ውስጥ ነው። ዛሬ ከ100 በሚበልጡ አገሮችና ግዛቶች ይሠራል። የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ሌላው ዩኒቨርሲቲ ሄዶ በራሱ ዩዘርኔም ይጠቀማል። የሚሠራበት ደንብ 802.1ኤክስ ይባላል።

በመሃል ሦስት አካላት አሉ። አንዱ ስልካችሁ ነው። ሁለተኛው ግድግዳው ላይ ያለው አክሰስ ፖይንት ነው። ሦስተኛው ዩዘርኔምና ፓስወርዱን የሚያረጋግጠው ኮምፒውተር፣ ራዲየስ ሰርቨር ነው፤ እሱ ያለው የእናንተው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው። አክሰስ ፖይንቱ ፓስወርዳችሁን አያውቅም፣ ማወቅም የለበትም። እንደ ግቢ ጥበቃ ነው፦ እንግዳ ሲመጣ በሩ ላይ ያቆመውና ወደ ውስጥ ደውሎ «ይግባ?» ብሎ ይጠይቃል። ለማን እንደሚደውል የሚያውቀው ደግሞ ከዩዘርኔማችሁ ውስጥ ከ@ በኋላ ካለው ክፍል ነው። ያ ክፍል ከሌለ ጥያቄው የሚሄድበት ቦታ የለውም።

ፓስወርዱ ከመላኩ በፊት ስልኩና ራዲየስ ሰርቨሩ በመካከላቸው የተመሰጠረ መስመር ይዘረጋሉ። ስልኩ «በርግጥ የኔ ዩኒቨርሲቲ ሰርቨር ነህ?» ብሎ የሚያረጋግጠው ሰርቨሩ እንደ መታወቂያ በሚያሳየው ሰርተፍኬት ነው። ማንም ሰው ካፌ ቁጭ ብሎ ኤዱሮም የሚል ስም ያለው የራሱን ዋይፋይ መክፈት ይችላል። ስልካችሁ ሰርተፍኬቱን ካላረጋገጠ ከዚያ ሰው ጋር መስመሩን ይዘረጋል። ዩኒቨርሲቲያችሁ ፓፕ በሚባለው መንገድ የሚጠቀም ከሆነ ፓስወርዱ እንዳለ ለዚያ ሰው ይደርሳል። ፓስወርዱን እንዳለ የማይልከው ኤምኤስቻፕቪ2 የሚባለው መንገድ ከሆነም ብዙ አያድንም፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ዴፍኮን የደኅንነት ጉባኤ ላይ በአንድ ቀን ጊዜ ውስጥ ሊሰበር እንደሚችል በተግባር ታይቷል። ያው ፓስወርድ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኢሜይላችሁንና የውጤት ገጻችሁንም ይከፍታል።

ደረጃ 1፦ የት ጋ ነው የሚቆመው?

ሴቲንግ ከመነካካታችሁ በፊት ስልኩን እዩት። ችግሩ ከአራት ቦታዎች በአንዱ ነው።

ኤዱሮም የሚለው ስም ጭራሽ ካልታየ ጉዳዩ የፓስወርድ አይደለም። ሲግናል የለም፣ ወይም ስልኩ አርጅቶ ያንን ዓይነት ኔትወርክ አይደግፍም። ቦታ ቀይራችሁ ሞክሩ።

ስሙ ታይቶ ስትነኩት ትንሽ አስቦ «ማረጋገጥ አልተቻለም» ወይም «ፓስወርድ ልክ አይደለም» ካለ ችግሩ ማረጋገጫው ላይ ነው። አይፎን ሰርተፍኬቱን ያልወደደበትን ጊዜም «መቀላቀል አልተቻለም» ብሎ ብቻ ስለሚያልፍ መልእክቱን ቃል በቃል አትመኑት። ብዙው ሰው የሚያዘው እዚህ ስለሆነ ከታች ያለው አብዛኛው ስለዚህ ነው።

«አይፒ አድራሻ በማግኘት ላይ» ብሎ ከቀረ ፓስወርዳችሁ ተቀባይነት አግኝቷል ማለት ነው፤ ቀሪው የኔትወርኩ ባለቤቶች ሥራ ነው። ተገናኝቶ ኢንተርኔት ከሌለ ደግሞ ወደ ደረጃ 7 ዝለሉ።

ደረጃ 2፦ ቀኑን፣ ሰዓቱንና ኪቦርዱን እዩ

ይኼ ቀላል ይመስላል፤ ለኛ ሰው ግን የተለየ ጉዳይ ነው። ማንኛውም ሰርተፍኬት የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን አለው። ስልኩን በእጁ በኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር የሞላ ሰው ስልኩ ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ይቀራል። ሰርተፍኬቱ ገና ያልተጀመረ ሆኖ ይታየዋል፣ ስልኩም ይጥለዋል። ምልክቱ ሌላም ቦታ ይታያል፦ በሞባይል ዳታ ብሮውዘር ስትከፍቱም «ሰዓትህ ወደኋላ ቀርቷል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይመጣል።

ጠዋት ሁለት ሰዓትን 2፡00 ብሎ የሞላ ሰው ደግሞ ስድስት ሰዓት ወደኋላ ነው። ብዙ ጊዜ አያስቸግርም። ሰርተፍኬቱ የወጣው በዚያው ጠዋት ከሆነ ግን ያስቸግራል። መፍትሔው ሴቲንግ ገብቶ ቀንና ሰዓትን «ከኔትወርክ በራሱ ይሙላ» ማድረግ ነው። በአገርኛ አቆጣጠር ማየት የምትፈልጉ የኢትዮጵያ ካላንደር አፕ ጫኑ፤ የስልኩን የራሱን ሰዓት አትንኩት።

ቀጥሎ ኪቦርዱ። የአማርኛ ኪቦርድ ተከፍቶ ከሆነ ወደ እንግሊዝኛ ቀይሩ። ስልኩ የዩዘርኔሙን የመጀመሪያ ፊደል በራሱ ትልቅ አድርጎት እንደሆነ ተመልከቱ። ከሁሉ በላይ ደግሞ መጨረሻ ላይ የተደበቀ ባዶ ቦታ አለ ወይ? ኪቦርዱ ቃል ሲያቀርብላችሁና ስትነኩት ከኋላው ስፔስ ይጨምራል። ከኢሜይል ወይም ከቴሌግራም ኮፒ ስታደርጉም አብሮ ሊመጣ ይችላል። ዓይን አያየውም፣ ሰርቨሩ ግን እንደ አንድ ፊደል ይቆጥረዋል። የዓይን ምልክቷን ነክታችሁ ፓስወርዱን እያያችሁ በእጃችሁ ጻፉት።

ከዚያ ያንኑ ዩዘርኔምና ፓስወርድ የዩኒቨርሲቲው ዌብሳይት ላይ ሞክሩ። እዚያም ካልገባ ችግሩ ዋይፋዩ አይደለም።

ደረጃ 3፦ የድሮውን አጥፉ

ከዚህ በፊት የተሞከረው ሁሉ ስልኩ ውስጥ ተቀምጧል። አዲሱ ትክክለኛ ቅንብር ከአሮጌው ስህተት ጋር ይጋጫል፣ አፑም አሮጌውን በራሱ መሻር አይችልም።

አንድሮይድ ላይ የዋይፋይ ዝርዝር ውስጥ ኤዱሮምን ከፍታችሁ «ፎርጌት» በሉ። አይፎን ላይ ከስሙ ጎን ያለችውን ክብ ምልክት ነክታችሁ «ይህን ኔትወርክ እርሳ» የሚለውን ምረጡ። አይፎኑ ላይ ድሮ የተጫነ ፕሮፋይል (ተዘጋጅቶ የሚጫን የዋይፋይ ቅንብር) ካለ በዚህ አይጠፋም። ጄኔራል ውስጥ ገብታችሁ ቪፒኤንና የመሣሪያ አስተዳደር የሚለው ሥር ፕሮፋይሉን ፈልጋችሁ አጥፉ።

ደረጃ 4፦ በእጅ ከመሙላት በአፕ

ጌትኤዱሮም የሚባል ነጻ አፕ አለ፤ ለአንድሮይድም ለአይፎንም ተሠርቷል። ዩኒቨርሲቲዎች ትክክለኛውን ቅንብር (የሰርቨሩን ስም፣ ሰርተፍኬቱን፣ ዘዴውን) ካት በሚባለው የኤዱሮም ሥርዓት ላይ ያስቀምጣሉ፣ አፑ ደግሞ ከዚያ አምጥቶ ስልኩ ላይ ይሞላዋል። የእኔ ምክር ቁርጥ ያለ ነው፦ ዩኒቨርሲቲያችሁ በአፑ ውስጥ ካለ በእጅ አትሙሉ።

አፑን ለማውረድ ኢንተርኔት ያስፈልጋል። ወደ ውጭ የምትሄዱ ከሆነ አካውንታችሁ ቀድሞ ከተሰጣችሁ እዚሁ አገር ቤት ሳላችሁ ጨርሱት። አዲስ ከተማ ውስጥ ሲም ካርድ ሳይኖራችሁ ከመንከራተት ያድናችኋል፤ አንዳንድ የአውሮፓ አየር ማረፊያዎችም ኤዱሮም አላቸው።

አፑን ክፈቱና የዩኒቨርሲቲያችሁን ስም ፈልጉ። ልብ በሉ፣ የምትመርጡት ዩዘርኔም የሰጣችሁን ተቋም ነው። ለሁለት ሳምንት ስልጠና ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሄዳችሁ ቢሆን እንኳ የአስተናጋጁን አትምረጡ። አንዳንዱ ተቋም ለተማሪና ለሠራተኛ ሁለት የተለያየ ፕሮፋይል አለው፤ የራሳችሁን ለዩ። ከዚያ ዩዘርኔሙን ከ@ በኋላ ካለው ጋር ሙሉውን ጻፉ።

አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል። አይፎን «ይህ አፕ ኤዱሮምን መቀላቀል ይፈልጋል» ሲል ተቀበሉት። አንድሮይድም አፑ ዋይፋይ እንዲጠቁም ፈቃድ ይጠይቃል። ብዙ ሰው ማስታወቂያ መስሎት «አይ» ይላል። ከዚያ አፑ «ተሳክቷል» ቢልም ስልኩ አይገናኝም፣ ሰውየውም ምክንያቱ አይገባውም። ፈቃዱን ለመመለስ ሴቲንግ ውስጥ አፖች፣ ከዚያ ልዩ የአፕ ፈቃዶች፣ ከዚያ የዋይፋይ ቁጥጥር ውስጥ ገብታችሁ ለጌትኤዱሮም ክፈቱለት። የቃላቱ አጻጻፍ ከስልክ ስልክ ትንሽ ይለያያል።

ሌላም አለ። አፑ ቅንብሩን ስልኩ ላይ ያስቀምጣል እንጂ የጻፋችሁት ፓስወርድ ልክ መሆኑን እዚያው አያረጋግጥም። ያ የሚታወቀው ኤዱሮም ያለበት ቦታ ስትደርሱ ነው። እስከዚያ አፑን አታጥፉት። አዳዲስ አንድሮይድ ስልኮችና አይፎን ላይ አፑ ሲጠፋ ኔትወርኩም አብሮ ይጠፋል። «ትናንት ይሠራ ነበር» ከሚሉ ሰዎች አንዳንዶቹ ስልካቸው ሞልቶ አፕ ያጠፉ ናቸው።

ደረጃ 5፦ በእጅ መሙላት ግድ ከሆነ

የዩኒቨርሲቲውን የአይቲ ገጽ ክፈቱ። የሚሞላው እዚያ የተጻፈው ነው፤ የጓደኛ ስልክ ላይ ያለው ካንድ ዩኒቨርሲቲ ካልሆናችሁ አይጠቅምም።

አንድሮይድ ላይ የኢኤፒ ዘዴው (የተመሰጠረው መስመር የሚዘረጋበት መንገድ) አብዛኛውን ጊዜ ፒፕ ሆኖ ፌዝ 2 ላይ ኤምኤስቻፕቪ2፣ ወይም ቲቲኤልኤስ ሆኖ ፌዝ 2 ላይ ፓፕ ነው። ከተምታታ ፓስወርዱ ልክ ሆኖም አይገባም።

ሲኤ ሰርተፍኬት የሚለው ላይ፣ ሰርተፍኬቱ በሰፊው ከሚታወቁት ሰጪዎች የወጣ ከሆነ «የሲስተም ሰርተፍኬቶችን ተጠቀም» ይሠራል። ዩኒቨርሲቲው ለራሱ የሠራው ከሆነ ግን ስልኩ አያውቀውም፤ ፋይሉን ከአይቲ ገጹ አውርዳችሁ መጫን አለባችሁ። «አታረጋግጥ» የሚለው ምርጫ ከአንድሮይድ 11 ወዲህ፣ ማለትም ከ2020 መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ እየጠፋ መጥቷል። የቆዩ ቪዲዮዎች አዲስ ስልክ ላይ የማይሠሩት ለዚህ ነው። ምርጫው ስልካችሁ ላይ ቢኖርም አትንኩት። አንድሮይድ 13 እና ከዚያ በላይ ላይ ስልኩ መጀመሪያ ሲገናኝ ሰርተፍኬቱን አሳይቶ «ታምነዋለህ?» ብሎ የሚጠይቅበት መንገድም አለ። ያኔ የሰርቨሩን ስምና የጣት አሻራ የሚባለውን ረጅም ቁጥር አይቲ ገጹ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ።

ከሥሩ «የኦንላይን ሰርተፍኬት ሁኔታ» የሚል ሌላ መስመር አለ። እሱም ላይ «አታረጋግጥ» ይላል፣ ሰውም ይደናገጣል። እሱ ሌላ ነገር ነው፣ እንዳለ ተዉት።

ዶሜይን የሚለው ላይ የሚጻፈው የራዲየስ ሰርቨሩ ስም ነው። የተማሪ ኢሜይላችሁ መጨረሻ ከሱ ጋር ላይመሳሰል ይችላል። በአንድ ነጥብ ከተሳሳተ ስልኩ ዝም ብሎ ያቋርጣል።

አይደንቲቲ ላይ ሙሉው ዩዘርኔም ከ@ ጋር ይገባል። አኖኒመስ አይደንቲቲ ከተጠየቀ እሱም ከ@ በኋላ ያለውን መያዝ አለበት። ከተመሰጠረው መስመር ውጭ የሚታየው እሱ ብቻ ነውና አክሰስ ፖይንቱ መንገድ የሚፈልገው በሱ ነው።

አይፎን ዩዘርኔምና ፓስወርድ ብቻ ጠይቆ ሰርተፍኬቱን ያሳያል። ሰርተፍኬቱ ደኅና ሆኖም «የማይታመን» የሚል ቀይ ጽሑፍ ሊወጣ ይችላል፤ ገና ስላላጸደቃችሁት ነው። ስሙን አመሳክራችሁ ተቀበሉ። ሁለተኛ ጊዜ ሌላ ሰርተፍኬት ይዞ ከመጣ ግን ቁሙ። ዩኒቨርሲቲው አድሶት ይሆናል፣ ሌላ ሰው የከፈተው ዋይፋይም ሊሆን ይችላል። አይቲዎችን ሳትጠይቁ አትቀበሉ።

ደረጃ 6፦ ይሠራ የነበረው ሲቆም

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ፓስወርድ ቀይራችኋል? ስልኩ፣ ታብሌቱና ላፕቶፑ ሁሉም አሮጌውን ይዘው በየደቂቃው ይሞክራሉ። ብዙ ተቋማት ደግሞ ተደጋግሞ የተሳሳተ አካውንትን ይቆልፋሉ። እናንተ አዲሱን ፓስወርድ በትክክል እየጻፋችሁ ቦርሳ ውስጥ ያለው ታብሌት ያስቆልፍባችኋል። መጀመሪያ የሁሉንም ዋይፋይ አጥፉ። አካውንቱ እስኪከፈት ጠብቁ። ከዚያ አንድ በአንድ አዲሱን እየሞላችሁ አብሩ፤ በአፕ የተሞላ ከሆነ አፑን እንደገና ሂዱበት።

ዩኒቨርሲቲያችሁ በፓስወርድ ፋንታ ለስልኩ የራሱን ሰርተፍኬት የሚሰጥ ከሆነ ያ ሰርተፍኬት ጊዜ አለው። ሲያልፍ በአፑ አሳድሱት።

በአንድ ቀን የብዙ ሰው ስልክ እምቢ ካለ ደግሞ ራዲየስ ሰርቨሩ ሰርተፍኬት ቀይሮ ይሆናል። ስልካችሁን አታመሳቅሉት፣ የአይቲውን ማስታወቂያ አንብቡ።

የራሳችሁ ግቢ ውስጥ ሠርቶ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን የማይሠራ ከሆነ ዘጠና በመቶ ልትጠረጥሩት የሚገባው @ ነው። በራሳችሁ ግቢ ሰርቨሩ ስለሚያውቃችሁ @ የሌለው ዩዘርኔምም ሊያልፍ ይችላል። ውጭ ግን ለማን እንደሚደወል አይታወቅም።

ደረጃ 7፦ ተገናኝቷል፣ ኢንተርኔት የለም

ቪፒኤን ካለ አጥፉ። አንድሮይድ ላይ ፕራይቬት ዲኤንኤስ የሚለው ውስጥ የአንድ ሰርቨር ስም ተጽፎ ከሆነ ወደ «አውቶማቲክ» መልሱት፤ ኔትወርኩ ያንን መስመር ከዘጋው ምንም ገጽ አይከፈትም። ዋይፋዩን አጥፍታችሁ አብሩ። ከዚህ ያለፈ ከሆነ ጉዳዩ ከእናንተ እጅ ወጥቷል።

ከሰርቨሩ በኩል ሆናችሁ የምታዩ

ይህን የምታነቡት አይቲ ክፍል ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ የራዲየሱ ሎግ ከስልኩ መልእክት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። በዚያ ሰዓት በዚያ ሰው ስም ምንም ከሌለ ጥያቄው አልደረሰም፦ ከ@ በኋላ ያለው ተሳስቷል፣ ወይም በመሃል ያለው መንገድ ተቋርጧል። ጥያቄና መልስ ተጀምሮ በመሃል ከተቋረጠ፣ ሰርቨሩ ሲጠይቅ ስልኩ ዝም ካለ፣ ስልኩ ሰርተፍኬቱን አልወደደውም። ፍሪራዲየስ ላይ «ሰጪው አይታወቅም» የሚል ማስጠንቀቂያ ካያችሁ የላከው ስልኩ ነው፤ የሚስተካከለውም እዚያው ስልኩ ላይ ነው። ግልጽ ውድቅታ ካለ ፓስወርዱን ወይም አካውንቱን እዩ። «ተቀብያለሁ» ብሎ ሰውየው ካልገባ ወደ ቪላንና ወደ ዲኤችሲፒ ሂዱ። በአንድ የተወሰነ ተቋም ብቻ በመሃል የሚቋረጥ ከሆነ ሰርተፍኬት የያዙት ትልልቅ ፓኬቶች መንገድ ላይ ተቆራርጠው እየወደቁ ይሆናል።

ለተማሪው መልስ ስትሰጡ ግን «ፎርጌት በልና እንደገና ሞክር» ብቻ ብላችሁ አትላኩት። የት ጋ እንደቆመ ንገሩት።

ለአይቲ ክፍል ስትጽፉ

የምትጽፉት ለራሳችሁ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ እንግዳ የሆናችሁበት ቦታ አካውንታችሁን ማየት አይችልም። «ዋይፋይ አይሠራም» የሚል ኢሜይል ቀናት ይፈጃል። ይህን የመሰለ ቶሎ ይመለሳል፦

«ዛሬ ከሰዓት 15፡40 ላይ ዋናው ቤተ መጻሕፍት ሁለተኛ ፎቅ ኤዱሮም መግባት አልቻልኩም። ስልኬ አንድሮይድ 14 ነው። በጌትኤዱሮም የተማሪ ፕሮፋይል ሞልቻለሁ። ዩዘርኔሜ ከነ@ው ይኸው። ስልኩ ለዚህ ኔትወርክ የሚጠቀመው የማክ አድራሻ ይኸው። በዌብሳይቱ በዚሁ ፓስወርድ እገባለሁ። ስልኩ የሚለው መልእክት በፎቶ ተያይዟል።»

ሰዓቱን እንደ አገሩ አቆጣጠር ጻፉ፤ በኛ 9፡40 ብላችሁ ከጻፋችሁ ሎጉን ጠዋት ላይ ይፈልጉታል። የማክ አድራሻውን (ስልኩን በኔትወርኩ ላይ የሚለየውን ቁጥር) ከኤዱሮም የራሱ ዝርዝር ውስጥ ቅዱት። ስልኮች ለየኔትወርኩ የተለያየ አድራሻ ስለሚጠቀሙ «ስለ ስልኩ» የሚለው ገጽ ላይ ያለው ላይሆን ይችላል። ፓስወርዳችሁን ግን አትጻፉ። የሚረዳችሁ ሰው አያስፈልገውም፣ ከጠየቃችሁም አትስጡት።